ልጄ እንግዳ አትፈራም፤ ጠባይ ነው ወይስ ምልክት? (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ እሸጣለሁ። ጥያቄዬ ስለ ልጄ ነው። 7 ዓመቷ ነው። እዚህ ሚጡ እያልኩ ልጥራት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሚጡ ሰው አትፈራም። ልጅ እንግዳ ሲያይ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይሸጎጣል አይደል? እሷ እንዲህ የሚባል ነገር አታውቅም። ጥቅምት ላይ እህቴን ልቀበል መናኸሪያ ይዣት ሄድኩ። የአዲስ አበባው መኪና ሲገባ እጄን አስለቅቃ በረረች። ጆንያ የተሸከመ አንድ ሰውዬ እግር ላይ ተጠመጠመች። አንጋጣ እያየችው እናቱ ደህና መሆኗን፣ ላሟ መውለዷን ጠየቀችው። በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ሰውዬው ጆንያውን አውርዶ ጉንጯን ሳማት፣ 10 ብርም ሰጣት። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ነይ እንሂድ ቢላት ኖሮ ትሄድ ነበር። ዞራም አታየኝም።

ድምፅ ደግሞ አትችልም። ወፍጮ ቤት ይዣት መሄድ ካቆምኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድማ ታውቀዋለች። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጭና ትንቀጠቀጣለች። ቡና ሲወቀጥም ያው ነው። ፊኛ ካየች ገና ሳይፈነዳ ታለቅሳለች። የሚገርመው ግን መዝሙር ነፍሷ ነው። ከበሮው አጠገቧ ሲመታ ትሸሻለች፤ ራቅ ካለ ደግሞ ከምቱ ጋር ትወዛወዛለች። አንዴ የሰማችውን መዝሙር ከነዜማው ይዛው ቁጭ ነው።

ወሬማ አይነሳ። አፏ ጤፍ ይቆላል። ሽማግሌ ሲመርቅ የሰማችውን እንዳለ ይዛ ደንበኞቼን ትመርቃለች። ይህን የሰማ ሰው በትምህርቷም አንደኛ ትመስለዋለች። ግን 5 ብርና 50 ብር ለይታ መልስ መስጠት አልቻለችም። የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። ደረጃ ስትወርድ በእግሯ እየዳበሰች ነው። በቀደም ቤት ሥዪልኝ አልኳት። በሩን ወረቀቱ ጥግ ላይ ለብቻው አቆመችው። ጣሪያው ከታች ነው። መስኮቶቹ አራቱም ተሰልፈው ሌላ ጥግ ላይ ናቸው። አንድም ነገር አልረሳችም፣ የጣሪያው ጭስ እንኳ አለ። ብቻ ቤት አይደለም። ወረቀቷን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ሕፃን እያለች አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አላየንም። ስትወለድ 2 ኪሎ ከ300 ነበረች። ጡት ትይዛለች፣ ትተዋለች፣ ታስመልሳለች፣ ታለቅሳለች። ሆዷ ይደርቃል። ቁርጠት ነው ተባልኩ። እንብርቷ ተገፍቶ ይወጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው የቆመችው። ድምፅዋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎርናና ነው። መልኳም እኔንም አባቷንም አይመስልም። ከዓይኗ ሥር ሞላ ያለ ነው፣ የአፍንጫዋ ጫፍ ቀና ይላል፣ ከንፈሯ ወፈር፣ አፏ ሰፋ ያለ። ጥርሶቿ ትንንሾች ሆነው አራርቀው ነው የበቀሉት። ጎረቤቶቼ ፍንጭት ናት፣ ባሏ ይወዳታል እያሉ ይስቃሉ።

የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። የዛሬ 3 ዓመት ለጉንፋን ወስጃት ያያት ባለሙያ ደረቷን አዳምጦ ልቧ ላይ ድምፅ እንዳለ ነገረኝ። ልጅ ላይ የተለመደ ነው፣ ሲያድጉ ይጠፋል ብሎ ሸኘኝ። እኔም ረሳሁት። አሁን አዲስ አበባ ያለች የአጎቴ ልጅ ዊሊያምስ ሲንድረም የሚባል ነገር አንብባ ላከችልኝ። ከክሮሞሶም ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲጎድል የሚመጣ ነው ይላል። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ልጄን ቁጭ ብሎ እያየ የጻፈው ሰው ያለ መሰለኝ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጠባይ ነው ወይስ ምልክት?

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት ከ5 ወር በኋላ ነው። ክሩ ረዝሟል፤ ግማሹ ቁምነገር ነው፣ ግማሹ ስድብ ነው፣ ትንሽ የማይባለው ደግሞ ስለ ወፍጮ ነው። በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ እናቶች ስለበዙ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እኔው ላውራላችሁ።

1ኛ መልስ በ10 ደቂቃ ውስጥ መጣ። የመንዝ ልጅ ነኝ የሚል ወንድም ነው። በትህትና ነው የጻፈው። ልጄ የተባረከች መሆኗን፣ በነሱ አገር መንገደኛን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር እንደሆነ፣ በሽታ የሚባል ስም እንዳልሰጣት መከረኝ። 2ኛው አሜን ብሎ አለፈ።

3ኛው ነገሩን የቀየረው ነው። ሸዋ ሮቢት የምትሠራ ነርስ ናት፤ እዚህ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ምርቃት የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ ጥያቄ ደረደረችብኝ። የደም ግፊቷ ተለክቶ ያውቃል ወይ? በሁለቱም ክንዷ? የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ታይታለች ወይ? ሕፃን እያለች በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ተለክቷል ወይ? ለአራቱም መልሴ አይ ነበር። ከዚያ አብራራችልኝ። እንግዳ አለመፍራት ብቻውን ምንም አይደለም አለች። ጎርናና ድምፅ ብቻውንም፣ ፍንጭት ጥርስ ብቻውንም፣ እንብርት መግፋት ብቻውንም። አንድ ልጅ ላይ ተሰብስበው ሲገኙ፣ በዚያ ላይ የልብ ድምፅ ሲታከልበት ነው ሐኪም ቆም ማለት ያለበት። በሽታው ከ7,500 እስከ 10,000 ከሚወለዱ ልጆች ባንዱ ላይ እንደሚገኝ፣ የብዙዎቹ ችግር ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ልክ ከቫልቩ፣ ማለትም ከልብ መውጫው በር፣ በላይ መጥበቡ እንደሆነ ጻፈች። ሌሎች ቧንቧዎችም ይጠባሉ፤ የኩላሊቱ ከጠበበ ግፊት በልጅነት ይመጣል። ከዚያ ጠባዩን ትታችሁ መጀመሪያ ልቧን አሳዩ ብላ ዘጋችው።

4ኛው ክሮሞሶም ምንድነው፣ ቁራጭ ሲጎድልስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ እኔም አፍሬ ነው እንጂ አልገባኝም ነበር። 5ኛው፣ ዓለም ከተማ ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር፣ እንዲህ አድርጎ አስረዳን። ክሮሞሶም የሰውነታችን አሠራር የተጻፈበት ነው፤ እያንዳንዳችን 23 ጥንድ አለን። አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ሁለት ዳዊት እንደማለት ነው፤ አንዱ የእናት ቤት፣ አንዱ የአባት ቤት። እዚህ በሽታ ላይ ከ7ኛው ጥንድ በአንዱ ላይ አንዲት ቅጠል ትወድቃለች። ከ26 እስከ 28 የሚሆኑ ጂኖች፣ ቅጠሏ ላይ የተጻፉት መመሪያዎች ማለት ነው፣ አብረዋት ይሄዳሉ። ከነሱ አንዱ ኢላስቲን የሚባለውን የሚሠራው ነው፤ ሰውነት ውስጥ ላስቲክ የሚሆነው ነገር። የደም ቧንቧ፣ ቆዳ፣ የድምፅ አውታር፣ የሆድ ግድግዳ፣ ሁሉም ላስቲክ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ጎርናናው ድምፅም የተገፋው እንብርትም የጠበበው አኦርታም ከአንድ ቦታ ነው የመጡት። ይህን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሳሙና ሲጠይቀኝ ዘይት ሰጠሁት።

መምህሩ ታሪኩንም ጨምሯል። በፈረንጆቹ 1961 ዊሊያምስ የሚባል የኒውዚላንድ የልብ ሐኪም ልባቸው እንዲህ የሆነ ልጆች መልካቸውም ጠባያቸውም እንደሚመሳሰል አስተዋለ። በዓመቱ ቦይረን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪምም ተመሳሳዩን ጻፈ። የጎደለው ቅጠል የት እንደሆነ የታወቀው ግን በ1993 ነው። ተራው የክሮሞሶም ምርመራ፣ ካሪዮታይፕ የሚባለው፣ ይህን አያሳይም አለ። ዳዊቱን ከነማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደማየት ነው፤ መኖሩን ታያለህ እንጂ ቅጠል መውደቁን አታውቅም። ፊሽ ወይም ማይክሮአሬይ የሚባለው ነው የሚያስፈልገው።

6ኛው ላይ ነገር ከረረ። እውነቱን ልናገር የሚል ስም ያለው ሰው ነው። ፈረንጅ ሰላምታ ስለማያውቅ ሰላም የሚል ልጅ ሲያይ በሽተኛ ይለዋል፣ እናንተም ተቀብላችሁ ታስተጋባላችሁ አለ። ሲስተርን ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰች አስፈራሪ ብሎ ሰደባት። 7ኛው እኔ ነበርኩ። ተናድጄ የጻፍኩት ነው፣ አሁን ባጠፋው ደስ ይለኛል። እውነት ለመናገር ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የሚጡ ፍቅር ውሸት አይደለም። ስትታቀፉ ታውቁታላችሁ።

ግን 8ኛውን ያነበበ ሰው ዳግመኛ እንደሱ አይጽፍም። የደብረ ሲና እናት ናት፤ ልጇ 16 ዓመቱ ነው፣ በሽታው የተረጋገጠው በ11 ዓመቱ ነው። እሱም ሕፃን እያለ አገር ምድሩ የሚስመው ልጅ ነበር። አሁን ትልቅ ነው። የማያውቀው ሰው ስልክህን ላየው ሲለው ይሰጣል፣ ተሰጥቶ ቀረ። በግ ሽጥ ተብሎ ገበያ ተልኮ፣ አንድ ሰው እናቴ ታማብኛለች ስላለው በጉን በነጻ ሰጥቶ እየዘመረ ቤቱ ገባ። እሷ ያለቀሰችው ግን ለበጉ አይደለም። ልጁ ከተማውን ሁሉ ሰላም ይላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ መጥቶ የሚጠራው አንድ ጓደኛ ግን የለውም። እኩዮቹ ሰልችተውታል፤ ተጠግቶ ያወራል፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። ማታ ማታ ደግሞ ይጨነቃል። ነገ ዝናብ ይመጣ ይሆን? መብረቅ ይኖር ይሆን? ሰው የማይፈራው ልጅ ሌላውን ነገር ሁሉ ይፈራል። ይህቺ ነገር እኔም ቤት አለች፤ ለማንም ነግሬ ግን አላውቅም ነበር።

9ኛው ላይ እትዬ እያልን የምንጠራቸው የእነዋሪ ሴት መጡ። በጣም ትሑት ናቸው፤ ልጆች አሳድገዋል፣ የልጅ ልጅም አላቸው። ልጅቷ የቆመችው ዘግይታ ስለሆነ ፀሐይ አልጠገበችም ማለት ነው፣ ቅቤ ቀብተሽ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂያት፣ ከፋርማሲም የካልሲየም እንክብልና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ግዢላት አሉኝ። እንዲህ ያለ ምክር ከእናት ነው የሚመጣው። ከመጻፋቸው ግን 10ኛው ላይ ሲስተር ደረሰችባቸው፣ ትንሽም አልማረቻቸው። ዊሊያምስ ያለባቸው ልጆች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ካልሲየማቸው ከፍ ሊል ይችላል። ያ ሁሉ ማስመለስ፣ ድርቀት፣ ለቅሶ ከዚያም ሊሆን ይችላል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ካልሲየምን ይጨምራል፤ ሳይለካ መስጠት እሳት ላይ ቅቤ መጨመር ነው አለች። የጠዋት ፀሐይን አልከለከለችም። የከለከለችው እንክብሉንና ጠብታውን ነው። ብቻ አነጋገሯ ለታላቅ ሰው የሚሆን አልነበረም። 11ኛው ይህንኑ ነገራት። 12ኛው ላይ ይቅርታ ጠየቀች፣ 13ኛው ላይ እትዬ ልጄ ጥፋትሽ አይታየኝም ብለው መረቋት። ሦስት መልስ በይቅርታ ሄደ፤ የኛ ሰው እንዲህ ነው።

14ኛው ሌላ ንትርክ ይዞ መጣ። አንዲት የሰላ ድንጋይ እናት ሲስተርን ውሸታም አለቻት። የሷ ልጅም ከክሮሞሶም ቁራጭ ጎድሎበት ነው፣ ሐኪሙ ግን ካልሲየሙ ዝቅተኛ ነው ብሎ እስካሁን ካልሲየም ይሰጠዋል። ክሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ከሷ፣ ግማሹ ከሲስተር። 15ኛና 16ኛ እያነበብኩ እኔ ራሴ ግራ ገባኝ። መምህሩ 17ኛው ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፦ ልጅሽ ሕፃን እያለ ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይወጣ ነበር? አዎ አለች። ሲያወራ በአፍንጫው ነው? አዎ። አንቀጥቅጦት ያውቃል? በ20 ቀኑ። የጎደለውስ ከስንተኛው ክሮሞሶም ነው? ወረቀቱን ፈልጋ አመጣች፣ 22 ይላል። ሌላ በሽታ ነው ማለት ነው። ያኛው ይበልጥ የተለመደ ነው፣ ከ4,000 ልጆች ባንዱ ገደማ ይባላል። ላንቃ ላይ ችግር አለ፣ ልብ ላይ ችግር አለ፣ ካልሲየም ይወርዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምም ሊደክም ይችላል። የኛው ከ7ኛው ነው፣ ካልሲየም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እናትየዋም ሲስተርም ስለየራሳቸው በሽታ ልክ ነበሩ። ከክሮሞሶም ቁራጭ ጎደለ ማለት አንድ በሽታ ማለት አይደለም፤ የትኛው ቅጠል እንደወደቀ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅም። ለኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነበር።

ከ18 እስከ 21 ያለውን ዝለሉት። አንዱ የጫጫ ልጅ የሱ ሰፈር ወፍጮ በመብራት ስለሚሠራ ድምፁ እንደማይጮህ ተናገረ፣ ሌላው የናፍጣ ወፍጮ ዱቄት ይሻላል አለ፣ ስለ ገብስ ዋጋ ተነሳ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ስለነበር መኪና 2 ሰዓት መቆሙን የሚናገርም ተገኘ። የአዲስ አበባ ልጅ መጥቶ የመንዝ ሰው ሰላምታ ጀምሮ ሳይጨርስ ምሳ ይደርሳል ብሎ ቀለደ። 1ኛው ወንድማችን ተመልሶ መጥቶ በጨዋ ቋንቋ ልክ ልኩን ነገረው። እኔ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ስቄያለሁ።

22ኛው ጸበል ውሰጃት አለኝ፤ ጻድቃኔ ማርያም። ወስጃታለሁ። ሁለት ጊዜ። ይህን ስጽፍ 23ኛው ኋላ ቀር ብሎ ሰደበኝ፣ 24ኛው እሱን መናፍቅ ብሎ ሰደበው። ሲስተር እዚህ ላይ ያለችው ደስ ብሎኛል። ጸበሉንም ጠጡ፣ ክትትሉንም አታቋርጡ፤ እሷ የተጣላችው መድኃኒት አስጥለው ከሚያስጠምቁ ሰዎች ጋር ብቻ ነው።

25ኛው በጣም ጎዳኝ። በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወስደሽ ነበር፣ ከዘመድ ነው እንዴ የወለድሽው የሚል ነው። አማቴም በሌላ ቃል ይህንኑ ብለውኛል። መልስ መጻፍ አቃተኝ። መምህሩ ጻፈልኝ። ቅጠሏ የምትወድቀው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲሠራ በአጋጣሚ ነው። የበላሁት፣ የጠጣሁት፣ የሠራሁት ነገር አያመጣውም። በዘመድ ጋብቻ የሚመጣም አይደለም። ወላጆቹ ጤነኛ ከሆኑ ቀጣዩ ልጅ ላይ የመደገሙ ነገር በጣም ትንሽ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ራሱ ሲወልድ ግን እያንዳንዱ ልጅ ላይ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህን ቁጥር 26 ፎቶ አንስቼ ለአማቴ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ማታ ላይ ለሚጡ እንቁላል ጠበሱላት።

27ኛው አጭር ነው፣ ቁምነገሩ ግን ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል የሚሠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ጻፈው። እነዚህ ልጆች ለጥርስም ይሁን ለቡአ ማደንዘዣ ከመውሰዳቸው በፊት የልብ ሐኪም ሳያያቸው እንዳይሆን። ማደንዘዣ ላይ ልባቸው ድንገት ሊቆም የሚችልበት አደጋ ከሌላው ልጅ ይበልጣል። የሚጡን ጥርስ ላስነቅል ቀጠሮ ይዤ ነበር። ሰረዝኩት።

28ኛዋ ሐኪሞች እንዴት አያውቁትም ብላ ጮኸች። የመጽሐፎቹ ፎቶ አብዛኛው የነጭ ልጆች ነው ብሎ 29ኛው መለሰላት። የዓይናቸው ብሌን ዙሪያ ኮከብ የመሰለ ነገር አለ ይላል መጽሐፉ፤ የኛ ልጆች ዓይን ጥቁር ስለሆነ ያ ኮከብ በደንብ አይታይም። ወፍራም ከንፈር ቢባልም እኛ ዘንድ ማን ልብ ይለዋል? እኔ ያን የመጀመሪያውን ባለሙያ አልወቅሰውም ማለት አልችልም። ትንሽ እወቅሰዋለሁ። መልኳን ባያውቅ አልፈርድበትም፤ የልብ ድምፅ ሰምቶ ግን ኢኮ ተነሺ ማለት መልክ ማወቅ አይጠይቅም።

30ኛዋ ልዩ ፍላጎት የምታስተምር መምህርት ናት። በጽሑፍ፣ በሥዕል አትድከሚ አለችኝ፤ የሚጡ በር ጆሮዋ ነው። ቁጥርም ሕግም በዜማ ይግባላት። እንግዳ አትቀፊ ማለት ብቻውን አይሠራም፤ ለልጅ አድርግ የሚባል ነገር ነው እንጂ አታድርግ የሚባል አይገባውም። ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት እቅፍ፤ ለሌላው ሰው ራቅ ብሎ እጅ መንሳት። ጎንበስ ብላ። አገሩ ያወጣው ሥርዓት ስለሆነ ማንም ትዕቢተኛ ናት አይላትም። ለወፍጮው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት እንደሚነሳ ንገሪያት፣ የጆሮ መከለያም ይረዳታል አለች።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፦ ሚጡ ኢኮ ታየች። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ከማድረጉ በፊት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ስለ እናቱ ጤንነት ጠየቀችው። አኦርታዋ ከቫልቩ በላይ ጠበብ ብሏል፣ ቀላል የሚባለው ነው፣ በየዓመቱ ይታያል። ግፊቷ ደህና ነው። ካልሲየሟም ተለካ፣ ደህና ነው። የደም ናሙናዋ ወደ ውጭ ተልኮ ሁለት ወር ፈጀ። 7ኛው ክሮሞሶም። ወረቀቱን ስቀበል አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፣ አላለቀስኩም።

የእንግዳውን ሕግ እኔና አባቷ በዜማ አደረግነው። በሦስት ቀን ያዘችው። ቅዳሜ መናኸሪያ ይዣት ሄድኩ፣ ልፈትናት። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከመኪና ወረዱ። ሚጡ ቆመች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንግዳ አይታቀፍም የሚለውን ሦስት ጊዜ ደግማ ዘፈነችላቸው። ከዚያ ሮጣ ሄዳ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች፣ ዘፈኑን እሳቸውም አብረዋት እንዲሉ።